የፈተና ሰሞን ጭንቀትና የፊት ብጉር፦ ቆዳን ሳይጎዱ መንከባከብ

የብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተማሪው ከደብተሩ ባልተናነሰ መስተዋቱን የሚመለከትበት ሰሞን ነው። ለወራት ጠፍቶ የቆየው ብጉር በግንባርና በአገጭ ላይ እንደ አዲስ ይወጣል፤ ደህና የነበረው ፊት ይቆጣል፣ ይጠዘጥዛል። ወላጅ «የዕድሜ ነው፣ ይለቀዋል» ይላል፤ ጓደኛ የሎሚ ጭማቂ ያዛል፤ ባለሱቁ ደግሞ በሦስት ቀን የሚያጠፋ ክሬም እንዳለው ይናገራል። ከሦስቱ ምክሮች ከፍተኛውን ጉዳት የሚያስከትለው የመጨረሻው ነው። ለመሆኑ ጭንቀት በእርግጥ ብጉርን ያባብሳልን? የሚያባብስ ከሆነስ በምን መንገድ? በዲላና በአጠቃላይ በጌዴኦ ዞን የሚኖር ወጣት በአቅራቢያው በሚያገኛቸው ነገሮች ቆዳውን እንዴት ሊጠብቅ ይችላል?

ጭንቀቱ መሠረት የሌለው አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከወናጎም ይሁን ከሬኮ የሚመጣ ተፈታኝ ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ በማያውቀው መኝታ ክፍል አድሮ መፈተን ግድ ሆነበት። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ ከ3.2 በመቶ አልዘለለም። እነዚህን ቁጥሮች ሰምቶ ወደ ፈተና የሚገባ የ18 ዓመት ወጣት እንቅልፍ ቢያጣ አያስገርምም። ያ እንቅልፍ ማጣት ፊቱ ላይ ቢታይም እንዲሁ አያስገርምም።

በመጀመሪያ ብጉር ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በፊታችን፣ በደረታችንና በጀርባችን ቆዳ ውስጥ ከፀጉር ሥር ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ጥቃቅን የወዝ ዕጢዎች አሉ። ሥራቸው ቆዳ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ቅባት ማመንጨት ነው። በጉርምስና ዘመን ሆርሞኖች ሲጨምሩ ዕጢዎቹ ቅባቱን ያበዙታል። በዚያው ላይ በቀዳዳው ውስጥ የሞቱ የቆዳ ሕዋሶች በሚገባ ሳይረግፉ ቀርተው ከቅባቱ ጋር ተጣብቀው መውጫውን ይደፍኑታል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ በጤናማ ቆዳ ላይም የሚኖር አንድ የባክቴሪያ ዓይነት ይራባል፤ ሰውነትም ለመከላከል ሲነሣ ብግነት ይፈጠራል። መቅላቱ፣ ማበጡ፣ መግሉና ሕመሙ የዚህ ብግነት ውጤት ነው።

እንግዲህ ብጉር «የደም መቆሸሽ» አይደለም፤ ፊትን ባለመታጠብ የሚመጣ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። ጥቁር ነጥብ መስሎ የሚታየው የተደፈነ ቀዳዳ እንኳ ቆሻሻ አይደለም፤ አየር ያገኘው የቆዳው ማቅለሚያ ነው ያጠቆረው። «ስታገባ ይለቃታል» የሚለው አባባልም ከዕድሜው መግፋት በቀር ከጋብቻው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ጭንቀት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጭንቀት ስንል ሕክምና የሚያሻውን የአእምሮ ሕመም ሳይሆን፣ ሰው ከአቅሙ በላይ የመሰለው ነገር ሲገጥመው ሰውነቱ የሚያሳየውን የዘወትር ምላሽ ማለታችን ነው። አንጎል አደጋ ሲታየው ሲአርኤች የተባለ ሆርሞን ይለቃል። ይህም በሰንሰለት እየተላለፈ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች በማነቃቃት ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ያስለቅቃል። እነዚሁ ዕጢዎች የወዝ ዕጢን የሚቀሰቅሱ ሌሎች ሆርሞኖችንም ያመነጫሉ።

ተመራማሪዎችን ያስገረመው ግን ሌላ ነገር ነው። ቆዳ የአንጎልን ትእዛዝ ብቻ ተቀብሎ የሚፈጽም ሎሌ አይደለም፤ የራሱም የጭንቀት ሥርዓት አለው። ከላይ የተጠቀሰው ሲአርኤች በራሳቸው በወዝ ዕጢ ሕዋሶች ውስጥ ተገኝቷል፤ ሕዋሶቹም ለሆርሞኑ መቀበያ አላቸው። በተጨማሪም በቆዳ ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች በጭንቀት ጊዜ ብግነትን የሚያቀጣጥሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። የአእምሮ ሁኔታ ከፊት ቆዳ ጋር የሚገናኘው እንግዲህ በምሳሌ አነጋገር ብቻ ሳይሆን በነርቭና በሆርሞን ነው።

ይህ በተማሪዎች ላይ ተፈትሿል። በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት 22 ተማሪዎችን ፈተና በሌለበት ወቅትና በፈተና ሰሞን መርምሮ፣ ጭንቀታቸው ይበልጥ የጨመረባቸው ብጉራቸውም ይበልጥ እንደተባባሰ አሳየ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለነበር በእርሱ ብቻ መደምደም አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን በሲንጋፖር በ94 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ተመሳሳይ ውጤት ይዞ ብቅ አለ። የሲንጋፖሩ ጥናት አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር ጨምሯል፤ በፈተና ወቅት ብጉሩ ሲብስ የፊት ቅባት መጠን ግን ጎልቶ አልጨመረም። ይህም ጭንቀት ብጉርን የሚያባብሰው ቅባትን በማብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ምናልባትም በዋናነት፣ ብግነትን በማባባስ እንደሆነ ያመለክታል። ቅባቱን ለማጥፋት ፊቱን በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና የሚፈትግ ተማሪ ድካሙ ለምን ውጤት እንደማያመጣለት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጭንቀት ቁስልንም ያዘገያል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላንቃ ላይ ሆን ተብሎ የተደረገ ትንሽ ቁስል በፈተና ሰሞን ለመዳን የወሰደበት ጊዜ በዕረፍት ወቅት ከወሰደው በ40 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። የተነካካ ብጉር በፈተና ሰሞን ቶሎ አልጠፋ ማለቱ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ከሆርሞኑ ባልተናነሰ የሚጎዳው ግን ተጨንቀን ሳለን የምናደርገው ነው። የተጨነቀ እጅ ወደ ፊት ይሄዳል። መጽሐፍ ላይ ያቀረቀረ ተማሪ አገጩን ይደገፋል፣ ሳያውቀው ብጉሩን ይቧጥጣል፣ ያፈርጣል። ሌሊቱን ለመግፋት ቡና ይደጋገማል፤ አንዳንዱም ጫት ይይዛል። ቡና በራሱ የብጉር ጠላት ሆኖ አልተገኘም፤ በይርጋጨፌ ቡና አገር ይህን ማለት መቻሉም ደስ ያሰኛል። ጉዳቱ እንቅልፍን መንሣቱ ነው። ምግብም ይዛባል፤ በቂ ምሳና እራት ቀርቶ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ይተካል። የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ የሚያደርጉ ምግቦች ብጉርን እንደሚያባብሱ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስለ ቅባታማ ምግብና ስለ በርበሬ በሰፊው የሚነገረው ግን ይህን ያህል ማስረጃ የለውም።

ዑደቱም ራሱን ይመግባል። ፊቱ የተበላሸበት ወጣት ከሰው ይሸሻል፣ በክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት ያፍራል፤ ይህም ጭንቀቱን ይጨምራል፣ ጭንቀቱ ብጉሩን ይጨምራል። «ብጉር ምን አላት፣ ትልቅ ነገር አስመሰልሽው» የሚሉ ወላጆች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነበር።

በእኛ አገር ቆዳ ላይ ደግሞ ጣጣው ከብጉሩ ጋር አብሮ አያልቅም። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ብግነት በደረሰበት ቦታ ሁሉ ማቅለሚያውን አብዝቶ ያመነጫል። ስለዚህ ብጉሩ በሁለት ሳምንት ቢጠፋም ጥቁር ምልክቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ብዙ ሰው ለሕክምና የሚነሣሣው በብጉሩ ሳይሆን በዚህ ምልክት የተነሣ ነው። ችግሩም የሚብሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምልክቱን ለማጥፋት የሚደረገው ጥድፊያ አዲስ ብግነት ይፈጥራል፣ አዲሱ ብግነት ሌላ ምልክት ይተዋል።

ሎሚን እንውሰድ። የሎሚ ጭማቂ ጠንካራ አሲድ ያለበት በመሆኑ ቆዳን ያቃጥላል። ከዚያም አልፎ በውስጡ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኙ ቆዳን እንደ እሳት ሊለበልቡትና ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊተዉበት ይችላሉ። የጥርስ ሳሙናም ብጉሩን ያደረቀ ቢመስልም የሚያደርቀው ዙሪያውን ያለውን ጤናማ ቆዳ ጭምር ነው። እሬትና ማር ብዙም አይጎዱም፤ ሆኖም በእነርሱ ብቻ ከባድ ብጉርን እናድናለን ማለት ጊዜ ማባከን ይሆናል። ለጋ ቅቤ ፀጉር መቀባት የቆየ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ቅቤው በሙቀት ቀልጦ ወደ ግንባር ሲወርድ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። የቆዳ ሐኪሞች ከፀጉር ቅባት ለሚመጣ የግንባር ብጉር የተለየ ስም እስከ መስጠት ደርሰዋል። ብጉሩ ከፀጉር መስመር ሥር ብቻ ተደርድሮ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅቤው ወይም የፀጉር ቅባቱ ነው። ልማዱን መተው የማይፈልግ ሰው ቅባቱን ከግንባሩ አርቆ ቢቀባና ሲተኛ ሻሽ ቢያስር፣ ሻሹንም ቶሎ ቶሎ ቢያጥብ ይጠቅመዋል።

በሦስት ቀን ያጠፋል ወደተባለው ክሬም እንመለስ። በመዋቢያ ሱቆችና በገበያ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት ቆዳ አንጪ ክሬሞች ብዙዎቹ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶችን የያዙ ናቸው። ስቴሮይድ በሐኪም ሲታዘዝ ለኤክዜማና ለሌሎች የቆዳ ሕመሞች ጥሩ መድኃኒት ነው። ብግነትን በፍጥነት ስለሚያዳፍን ብጉር ላይ ሲቀባም በጥቂት ቀናት ውስጥ መቅላቱ ይጠፋል፣ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ይነጣል። ገዢውም ይደሰታል፤ ለጓደኞቹም ይነግራል።

ከሳምንታት በኋላ ግን መልሱ ይመጣል። ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ከላይ ይታያሉ፤ ፀሐይና ሙቀት ሲነካው ይቃጠላል፤ በሴቶች ጉንጭና አገጭ ላይ ያልነበረ ፀጉር ሊበቅል ይችላል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ስቴሮይዱ ራሱ ብጉር ማውጣቱ ነው። ይህ ብጉር ከተለመደው የሚለየው ፍሬዎቹ በመጠን ተቀራራቢ ሆነው በአንድ ጊዜ በብዛት መውጣታቸው ነው። ተጠቃሚው ክሬሙን ሲያቆም ፊቱ ይነድዳል፣ ከበፊቱ ይብሳል፤ ስለዚህ ደንግጦ መልሶ ይቀባል። በዚህ መንገድ ለአንድ ፈተና ሰሞን የተጀመረ ክሬም ለዓመታት የማይላቀቁት ሱስ ይሆናል። አንዳንዶቹ አንጪ ምርቶች ላይ ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳው ሜርኩሪ ተገኝቷል። በማሸጊያው ላይ ይዘቱ ያልተጻፈ፣ ሱቁ ውስጥ ተቀላቅሎ በትንሽ ዕቃ የሚሸጥ፣ ወይም «ያነጣል» የሚል ተስፋ የሚሰጥ ክሬም ከፊት መራቅ አለበት። ቀድሞ ለወራት የተጠቀመ ሰው ግን በድንገት ከማቆሙ በፊት የቆዳ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል፤ ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ያስቆመዋል።

ጥሩው የቆዳ እንክብካቤ ከዚህ ሁሉ ግርግር ጋር ሲነጻጸር አሰልቺ እስኪሆን ድረስ ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ ፊትን ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ በእጅ እንጂ በሻካራ ነገር አለመፈተግ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ። የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው። ከስፖርትና ከብዙ ላብ በኋላ አንድ ጊዜ መጨመር ይቻላል። ከዚያም ቀለል ያለ ማለስለሻ መቀባት ያስፈልጋል። ብጉር ያለበት ፊት ማለስለሻ አያስፈልገውም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም፤ የደረቀ ቆዳ መድኃኒቱን መሸከም ያቅተዋል። ውድ ምርት የግድ አይደለም፤ በውኃ የቀጠነ ግሊሰሪንም ያገለግላል።

ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ቢያንስ የመከላከል አቅሙ 30 የሆነ፣ ጥቁር ምልክቱ እንዳይጠቁር ይረዳል። ዲላ ከምድር ወገብ ብዙ የማትርቅ ከተማ ናት፤ ደመና ባለበት ቀን እንኳ ጨረሩ ይደርሳል። መከላከያውን መግዛት ያልቻለ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣና ጃንጥላ ይጠቀም፤ ለዘመናት ያገለገሉን ናቸው።

ከመድኃኒቶቹ መካከል በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ብግነቱንም ይቀንሳል። ጥንካሬው ሲጨምር ፈውሱ የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ሲሰጥ የሚያስከትለው መቃጠል ያነሰ ነው። ለጥቁር ቆዳ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ፎጣ፣ የትራስ ልብስና ባለቀለም ሸሚዝ ያነጣል። ሁለተኛው አዳፓሊን ሲሆን ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ያደርጋል፤ ማታ ማታ የአንድ ሽንብራ ፍሬ ያህል ብቻ ለመላው ፊት ይበቃል። በብጉሩ ላይ ብቻ ነጠብ አድርጎ መተው ተገቢ አይደለም፤ ገና ያልወጣውንም መከላከል ነውና። መጀመሪያ ላይ በየሁለት ቀኑ መጀመርና ቆዳው ሲለምድ መጨመር ይመከራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አዳፓሊንን መጠቀም የለባትም። ለእርሷ አዜላይክ አሲድ የተሻለ አማራጭ ሲሆን፣ ጥቁር ምልክትንም ስለሚያደበዝዝ ለጠይም ቆዳ የሚመረጥ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ውጤታቸው የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ለሚፈተን ተማሪ ሕክምናው መጀመር ያለበት በሚያዝያ ነው። በፈተና ዋዜማ አዲስ ምርት መሞከር ፊት ላይ ሌላ ፈተና መጨመር ነው። ወደ ፈተና ግቢ የሚሄድ ተማሪም የለመደውን ሳሙና፣ የራሱን ፎጣና አንድ ተጨማሪ የትራስ ልብስ ይያዝ፤ በጋራ መኝታ ክፍል ፎጣ መዋዋስ ሌላ የቆዳ ሕመም ያመጣል።

ጭንቀቱንስ? ክሬም ጭንቀትን አያስወግድም። የጥናት ሰዓትን በፈተናው መቃረቢያ ላይ ከማከማቸት ቀድሞ መከፋፈል፣ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት መተኛት፣ ከቀትር በኋላ ቡናን መቀነስ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መጓዝ ጭንቀትን በማርገብ የተመሰከረላቸው ናቸው። ለጸሎት፣ ለመዝሙር፣ ለኳስ ጨዋታ የሚሰጥ ጊዜም እንደ ብክነት መቆጠር የለበትም። ወላጅ ደግሞ በየማለዳው ስለ ውጤት ከመጠየቅ ቢቆጠብ ከማንኛውም ክሬም ያልተናነሰ እገዛ ያደርጋል። ጭንቀቱ ከልክ አልፎ ምግብ የሚያስተው፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ ወይም ሕይወትን የሚያስጠላ ከሆነ ግን ጉዳዩ የብጉር ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

በቤት ውስጥ እንክብካቤ መወሰን የማይበቃባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ብጉሩ በጥልቀት የሚያብጥ፣ የሚያምና ጠባሳ የሚተው ከሆነ፣ በሦስት ወር ሕክምና ካልተሻለ፣ ወይም በአንዲት ወጣት ላይ ከወር አበባ መዛባትና ከአገጭ ፀጉር መብቀል ጋር አብሮ ከመጣ ሐኪም ማየት አለበት። የመጨረሻው ምልክት የሆርሞን መዛባትን ሊያመለክት ይችላል። በዲላና በአካባቢው ያለ ታካሚ ጉዞውን በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊጀምር ይችላል። ከባድ የሆኑት ታካሚዎች በቆዳ ሕክምና የረጅም ጊዜ ልምድ እስካለው እስከ አዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ድረስ ሊላኩ ይችላሉ። በዚያ ደረጃ ሐኪም ሊያዝዝ ከሚችላቸው መድኃኒቶች አንዱ የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይን ነው። እጅግ ውጤታማ ቢሆንም በፅንስ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት ስለሚያስከትል፣ መውለድ በምትችል ሴት ላይ የእርግዝና ምርመራና አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ሳይኖር አይሰጥም። ከጓደኛ ተቀብሎ ወይም ከገበያ ገዝቶ የሚዋጥ ክኒንም አይደለም።